ከጋሼ ጋር በታይገር ሜዳዎች ላይ

ይሄን ማስታወሻ ማታ ማታ ሞቴል ውስጥ ተጋድሜ በስልኬ ስጽፈው የነበረ ነው፣ ብዙም አላስተካከልኩትም። ጉዞው የጋሼ ሐሳብ ነው። ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው፣ 67 ዓመቱ ነው፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ ፓርኪንግ ሰርቶ ጡረታ ወጥቷል። ልጅ እያለ አዲስ አበባ ኦልድ ኤርፖርት ጎልፍ ሜዳ ለፈረንጆች ዱላ ይሸከም ነበር፣ ካዲ ነበር ማለት ነው፣ የ12 እና የ13 ዓመት ልጅ ሆኖ፣ ከትምህርት ቤት እየፎረፈ፣ እናታችን ስትደርስበት እየገረፈችው። እኛ ቤት ስለ ሩጫ የማያወራ የለም፣ ስለ ጎልፍ የሚያወራው ግን እሱ ብቻ ነው፣ ጎልፍ ካለ ደሞ ታይገር ውድስ ማለቱ ነው። ባለፈው ዓመት ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ተደርጎ ወራት ከቆየ በኋላ ሐኪሙ አሁን እንደ ልብህ መራመድ ትችላለህ ሲለው፣ ገና መኪና ውስጥ ሳንገባ "በል እንግዲያው ቶሪ ፓይንስ ውሰደኝ" አለኝ። ቶሪ ፓይንስ ታይገር ብዙ ጊዜ ያሸነፈበት የሳንዲያጎ ጎልፍ ሜዳ ነው። እሱ ብቻ ግን አልሆነም፣ ስድስት ቀን ፈጀ።

ዓመተ ምህረቱ ሁሉ የፈረንጆቹ ነው።

ቀን 1፣ ሰኞ

ጠዋት ፌርፋክስ ትንሿ ኢትዮጵያ ላይ ፉል በላን፣ ጋሼ ሻዩን ሁለቴ አስደገመ፣ ከዛ በቀጥታ ወደ ደቡብ እንሄዳለን ብዬ ሳስብ "የለም መጀመሪያ በፒኮ ወደ ላይ ንዳ" አለኝ። ራንቾ ፓርክ ጎልፍ ሜዳ ነው ያሰበው። ስንት ዓመት በበሩ አልፌ አንድም ቀን ዞር ብዬ አይቼው አላውቅም። የከተማው ሜዳ ነው፣ ገንዘብ የከፈለ ሁሉ ይጫወትበታል። ጋሼ አጥሩን ይዞ ቆሞ የነገረኝ ነገር ይሄ ነው፣ ቻርሊ ሲፎርድ የሚባል ጥቁር ጎልፈኛ 1969 ላይ በ46 ዓመቱ የሎስ አንጀለስ ኦፕንን ያሸነፈው እዚህ ሜዳ ላይ ነው። የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ጎልፈኞች ማህበር እስከ 1961 ድረስ አባል የሚሆነው ነጭ ብቻ ነው የሚል አንቀጽ በደንቡ ውስጥ ነበረው፣ ያን ጊዜ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ አቃቤ ህግ የነበረው ስታንሊ ሞስክ ይሄን ደንብ ይዛችሁ በዚህ ስቴት የህዝብ ሜዳ ላይ ውድድር አታደርጉም ብሎ ያዛቸው፣ በመጨረሻ አንቀጹን አወጡት። ደንቡ ሲነሳ ሲፎርድ 39 ዓመቱ ነበር። የአንድ ስፖርተኛ ምርጥ ዘመኑ በሙሉ በር ላይ ቆሞ አለቀ ማለት ነው።

ታይገር ሲፎርድን እንደ አያቴ ነው የማየው ይል ነበር፣ ልጁንም ቻርሊ ብሎታል። ጋሼ "ከዚህ ካልጀመርን የልጁ ነገር አይገባህም" አለኝ፣ ታይገርን እስካሁን ልጁ ነው የሚለው፣ ሰውዬው 50 ደርሶ እያለ።

ከዛ በ405 ወደ ሎንግ ቢች። ሃርትዌል የሚባለው ሜዳ ትንሽ ነው፣ 18 ቀዳዳ አለው ግን ሁሉም ፓር 3 ነው፣ በሦስት ምት ይጨረሳል ተብሎ የሚጠበቅ ማለት ነው፣ አጫጭር። ታይገር ገና 4 ዓመቱ አካባቢ እናቱ ይዛው የመጣችው እዚህ ነው፣ አሰልጣኙ ሩዲ ዱራን ይባላል። ህጻን ልጅ የትልቅ ሰው ርቀት ስለማይደርስለት ዱራን ለሱ ብቻ የሚሆን ፓር አወጣለት፣ ይሄን ቀዳዳ በዚህን ያህል ምት ከጨረስክ ጥሩ ተጫውተሃል ብሎ በልኩ ሰፋለት። ይሄ ነገር በጣም ነው ደስ ያለኝ። ልጅን ከትልቅ ሰው ጋ እያወዳደርክ ሁልጊዜ ተሸናፊ ከምታረገው በራሱ ልክ እንዲያሸንፍ መተው፣ እኔ ለልጆቼ እንደዛ አላረግኩም፣ ሁሌ ከጎረቤት ልጅ ጋ ነበር የማወዳድራቸው።

ታይገር ያደገበትን ሳይፕረስን ዞርነው፣ ጸጥ ያለ ሰፈር ነው፣ ቤቱን ፈልገን አልሄድንም፣ የሰው ቤት ነው። አባቱ ኤርል ቬትናም የዘመተ፣ በሌተናል ኮሎኔልነት ጡረታ የወጣ ወታደር ነው፣ ጎልፍ የጀመረው ራሱ ከ40 ዓመቱ በኋላ ነው፣ ጋራዥ ውስጥ መረብ ዘርግቶ ሲመታ ህጻኑ ወንበሩ ላይ ታስሮ ያየው ነበር። ታይገር የሚለው ስም አብሮት ከተዋጋ የደቡብ ቬትናም ኮሎኔል ቅጽል ስም የመጣ ነው፣ ትክክለኛ ስሙ ኤልድሪክ ነው። በ2 ዓመቱ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ መታ፣ በ3 ዓመቱ የባህር ኃይሉ ሜዳ ላይ ዘጠኝ ቀዳዳ በ48 ምት ጨረሰ። ሊመታ ሲል አባትየው ኪሱ ውስጥ ሳንቲም ያንቀጫቅጭበታል፣ ይስልበታል፣ ሐሳቡ እንዳይበተን ለማስተማር ነው።

ሰው ሁሉ ስለ አባትየው ነው የሚያወራው። ጋሼ ግን ወደ ውድድር እየነዳች የምትወስደው እናትየዋ ኩልቲዳ ናት አለኝ፣ ታይላንዳዊት ናት፣ እሁድ እሁድ ቀይ ሸሚዝ የሚለብሰውም ቀይ ያንተ የኃይል ቀለም ነው ስላለችው ነው። 2025 ፌብሩዋሪ ላይ አረፈች። ጋሼ ዜናውን የሰማ ቀን ለኔ ደውሎ "የልጁ እናት ሞተች" ሲለኝ የማን ልጅ እንደሆነ ሳልጠይቅ ነው የገባኝ።

ሃርትዌል ላይ የረሳሁት፣ ባልዲ ኳስ ገዝቼ ጋሼ እንዲመታ ዱላ ሰጠሁት፣ አልቀበልም አለኝ። ለካ በሕይወቱ አንድም ኳስ መትቶ አያውቅም። "ያኔ ዱላውን ትሸከማለህ፣ ትወለውላለህ፣ ኳሷን በሸሚዝህ ትጠርጋለህ፣ መምታት ግን የለም። ከመታህ ትባረራለህ" አለ። አንድ ሰው እንደዚህ የሚወደውን ነገር 67 ዓመት ሙሉ አለመሞከሩ ሌሊቱን ሁሉ ሲከነክነኝ አደረ።

ቀን 2፣ ማክሰኞ

ዛሬ ብዙ ነው የምጽፈው።

ቶሪ ፓይንስ ሳንዲያጎ ውስጥ ላ ሆያ አካባቢ ገደል አፋፍ ላይ ነው፣ ከስር ፓስፊክ ውቅያኖስ፣ ከላይ በፓራሹት የሚንሳፈፉ ሰዎች፣ ዛፎቹ በነፋስ ጎብጠው የቆሙ ጥዶች። ይሄም የከተማው ሜዳ ነው፣ እንደ ራንቾ ፓርክ። ታይገር እዚህ ስምንት ጊዜ አሸንፏል፣ ሰባቱ በየዓመቱ የሚደረገው ውድድር ነው፣ ስምንተኛው የ2008ቱ ዩኤስ ኦፕን ነው፣ ሜጀር ከሚባሉት ከዓመቱ አራት ትልልቅ ውድድሮች አንዱ። የመጣነው ለስምንተኛው ነው።

ሳንጫወት ሜዳው ውስጥ መሄድ ይፈቀዳል ወይ ብለን ስንጠይቅ ሁለት ጡረተኞች 9ኙን ጨርሰው 10ኛውን ሊጀምሩ ሲሉ ሰሙን። ጋሼ በሱ እንግሊዝኛ "እኔ ካዲ ነበርኩ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ 50 ዓመት አለፈው" አላቸው። አንደኛው ሽማግሌ ሳቅ ብሎ ና አብረኸን ሂድ አለው። እኔም ከኋላ ከኋላ ተከተልኩ። ጋሼ ሳይጠየቅ የሽማግሌውን ቦርሳ ከጋሪው አውጥቶ ሊሸከም ሲል ነው በግድ ያስጣልነው፣ ጉልበትህ ገና ነው ብለን።

እስቲ ያቺን ሳምንት ልንገራችሁ፣ ጋሼ እየሄደ የነገረኝን እኔም የማውቀውን ጨምሬ። ታይገር 2008 ኤፕሪል ላይ ማስተርስ የሚባለው ሌላው ሜጀር ባለቀ በሁለተኛው ቀን ግራ ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ተደረገ። ጉልበቱን ከፊት የሚይዘው ጅማት ከዓመት በፊት ጀምሮ ተበጥሶ ነበር፣ እሱን ሳይጠግን ነበር የሚጫወተው። ለዩኤስ ኦፕን ሲዘጋጅ ደሞ የእግሩ አጥንት ከጉልበቱ በታች ሁለት ቦታ ተሰነጠቀ። ሐኪሞቹ ክራንች ይዘህ ሳምንታት ተቀመጥ አሉት፣ እሱ ልጫወት ነው አላቸው። በዛ እግር ነው እዚህ የመጣው፣ ሜዳው ደሞ ለውድድሩ ከ7600 ያርድ በላይ ነበር፣ ማለት ሰባት ኪሎሜትር ገደማ ዳገት ቁልቁለት በቀን፣ ኳሷን ፍለጋ የሚዞረውን ሳይቆጥር።

ከአራቱ ቀን በሦስቱ የመጀመሪያውን ቀዳዳ በደብል ቦጊ፣ ማለት ከፓር ሁለት ምት በላይ፣ ነው የጀመረው። ቅዳሜ ማታ ግን ነገሩ ተለወጠ። 13ኛው ላይ ስንደርስ ጋሼ ቆመ፣ ግሪኑን፣ ቀዳዳው ያለበትን አጭር ሳር፣ በእግሩ ለካው፣ "ከዚህ እስከዛ" አለ፣ ታይገር ያንን ሁሉ ርቀት አንከባሎ ኢግል አስገባ፣ ከፓር ሁለት ምት በታች ማለት ነው። 17ኛው ላይ ከግሪን ውጪ በአጭር ምት ከፍ አርጎ (ቺፕ ይሉታል) ቀጥታ ከተታት። 18ኛው ላይ ሌላ ኢግል። ከየምቱ በኋላ ዱላውን እንደ ምርኩዝ ይደገፍበታል፣ ፊቱ ይጨማደዳል፣ ከዛ ይሄዳል።

እሁድ የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ አንድ ምት ወደኋላ ቀርቶ ነው የደረሰው። መሪው ሮኮ ሚዲኤት ነው፣ 45 ዓመቱ፣ በዓለም ደረጃ 158ኛ፣ ጨዋታውን ጨርሶ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ታይገር የመጀመሪያውን ምት አሸዋ ውስጥ ከተተ፣ ሁለተኛውን ረጅም ሳር ውስጥ፣ ሦስተኛውን ከ100 ያርድ ገደማ ግሪኑ ላይ አሳረፈው፣ ቀዳዳው ድረስ 12 ጫማ ቀረው። እኛ ግሪኑ ጀርባ ቆመን ሽማግሌዎቹ ሲጨርሱ አየናቸው፣ እዚህ ያለው ሳር ፖዋ የሚሉት ዓይነት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ቡጭ ቡጭ ብሎ ያብባል፣ ኳስ አንዲት ጫማ በቀጥታ አይሄድም፣ እየዘለለ ነው የሚሄደው። ያቺ ኳስ እንደዛ እየዘለለች ሄዳ በቀዳዳው ቀኝ ጠርዝ ገባች። ጋሼ ያኔ ፓርኪንጉ ውስጥ ያሉ ሰዎች መኪናቸውን ጥለው ቡዙ ውስጥ፣ እሱ ገንዘብ የሚቀበልባት ክፍል ውስጥ፣ ትንሿ ቴሌቪዥን ላይ ተደፍተው ነበር አለኝ።

ሰኞ ሌላ 18 ቀዳዳ ተጫወቱ፣ ሁለቱም 71። አሁንም 18ኛው ላይ ታይገር አንድ ምት ተበልጦ መጥቶ በርዲ፣ ማለት ከፓር አንድ ምት በታች፣ ሰርቶ ነው እኩል ያረገው። ከዛ አንድ ተጨማሪ ቀዳዳ፣ 7ኛውን፣ ተጫውተው ታይገር አሸነፈ፣ በአጠቃላይ 91ኛው ቀዳዳ ማለት ነው። 14ኛ ሜጀሩ ነበር። ከሳምንት በኋላ ጉልበቱ ተከፈተ፣ የዛን ዓመት ከዛ በኋላ አልተጫወተም።

ጋሼ ከ10 እስከ 18 በእግሩ ጨረሰ። መጨረሻ ላይ አሞታል፣ እየደበቀኝ ነው ግን ግራ እግሩን ሲጎትት አየሁት። ዝም አልኩ። ሽማግሌው ኳሱን ሲያነሳ ጋሼ ተቀብሎ በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ መለሰለት፣ ሰውዬው ራሱን ዝቅ አርጎ አመሰገነው። ማታ ሲቲ ሃይትስ ሄደን ቀይ ወጥ በላን፣ ጋሼ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ።

ቀን 3፣ ረቡዕ

ወደ ሎስ አንጀለስ ስንመለስ ጋሼ በሃውቶርን ቡሌቫርድ እንለፍ አለ። አልፈለግኩም ነበር፣ የሰው ጉዳት ማየት አልወድም፣ ግን እሺ አልኩት።

መንገዱ ከራንቾ ፓሎስ ቨርደስ ወደታች የሚወርድ ሰፊ ቁልቁለት ነው፣ እግርህን ፍሬን ላይ ካላረግክ መኪናው ራሱ ይፈጥናል። 2021 ፌብሩዋሪ 23 ጠዋት እዚህ ጋ ነው የተገለበጠው፣ ብቻውን ነበር። ፖሊስ ፍጥነቱ በሰዓት ከ84 እስከ 87 ማይል ነበር አለ፣ የሚፈቀደው 45 ነው። መሐሉን ተሻግሮ ዛፍ መትቶ ተጠቀለለ። ቀኝ እግሩ ከጉልበት በታች ብዙ ቦታ ተሰባብሮ አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጣ፣ ብረት ገብቶበት ተጠገነ፣ መቆረጥም ሐሳብ ውስጥ ገብቶ እንደነበር ራሱ በኋላ ተናግሯል።

መኪና አቁመን ዝም ብለን ቆየን። ከዛ ጋሼ ስለ አበበ ቢቂላ አነሳ። እንደሚያነሳ አውቄ ነበር። አበበ ሮም 1960፣ ቶኪዮ 1964፣ ከዛ 1969 ላይ ሸኖ አካባቢ ቮልስዋገኑ ተገልብጣ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። 1969 እኮ ሲፎርድ ራንቾ ፓርክ ላይ ያሸነፈበት ዓመት ነው፣ ሰኞ ዕለት ስንቆምበት አላሰብኩትም። ጋሼ 1973 ላይ የአበበን አስከሬን ለመሸኘት መንገድ ዳር ከቆሙት አንዱ ነበር፣ የ15 ዓመት ልጅ። "ሰው ሁሉ የሚያለቅሰው ሞተ ብሎ አልነበረም፣ ያ እግር እንዴት ወንበር ላይ ቀረ ብሎ ነው" አለኝ። አበበ ግን እንግሊዝ አገር ሲታከም ቀስት መወርወር ተምሮ ተወዳድሯል፣ ይሄንንም ጋሼ ነው የነገረኝ።

ታይገርም ከዛ አደጋ 14 ወር በማይሞላ ጊዜ ማስተርስ ላይ ተጫውቶ እስከ እሁድ ቆየ፣ 47ኛ ወጣ። አሸናፊ አልሆነም። እኔ ግን ከብዙ ዋንጫው ይልቅ ያቺን 47ኛ ነው የምወዳት።

አሁን የምለውን ብዙ ሰው አይቀበለኝም። ሀበሻ ጋ ስለ ታይገር ስታወራ ወዲያው የሚነሳው የ2009 ጉዳይ ነው፣ ትዳሩ፣ ሴቶቹ፣ "እሱ ነው የጣለው" ይሉሃል። የበደለው በደል የለም አልልም፣ ሚስቱንና ልጆቹን አሳዝኗል፣ ራሱም ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ ጥፋቱ የኔ ነው ብሏል። ግን የወረደው በዛ አይደለም። 2013 ላይ እኮ ተመልሶ አምስት ውድድር አሸንፎ በዓለም አንደኛ ሆኖ ነበር። የወረደው ሰውነቱ ስላለቀ ነው። ጉልበቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከፈተው ገና የስታንፎርድ ተማሪ እያለ 1994 ላይ ነው! ከዛ 2002፣ ከዛ 2008 ሁለቴ፣ ከዛ ደሞ ጀርባው ተጀመረ፣ 2014፣ 2015፣ 2017 ላይ የታችኛው አከርካሪው ተጣብቆ ታሰረ። የዛን ዓመት ነው በሐኪም መድኃኒት ደንዝዞ መሪ ላይ ተኝቶ ፖሊስ ያገኘው፣ በዛው ዓመት መጨረሻ የዓለም ደረጃው 1199ኛ ደረሰ። ለ683 ሳምንት አንደኛ የነበረ ሰው። 142 ውድድር በተከታታይ ሳይቆረጥ፣ ማለት ከውድድሩ መሐል ሳይቀነስ፣ ያለፈ ሰው። እያንዳንዷ ምት ግራ ጉልበቱ ላይ ነበር የምታርፈው፣ ጉልበት ደሞ ብድር አይረሳም።

ጋሼ "ቀነኒሳስ?" አለኝ። እውነቱን ነው። ቀነኒሳ የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሪከርድ ይዞ ሳለ ባቱና ጅማቱ እየከዳው ስንት ዓመት አለቀ ተባለ፣ ከዛ 2019 በርሊን ላይ 2:01:41 ሮጦ የዓለም ማራቶን ሪከርድን በ2 ሰከንድ ብቻ ሳተው። ያው በዛው 2019 ታይገር በ43 ዓመቱ፣ አከርካሪው በብረት ታስሮ፣ ማስተርስን ወሰደ። ሁለቱን በአንድ ዓመት ያየን ሰዎች ነን።

ያቺን እሁድ እኔም አልረሳትም። ኤፕሪል 14 ነው፣ ፋሲካ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፣ ጾም ነው። ነጎድጓድ ይመጣል ተብሎ ጨዋታውን ጠዋት ስላረጉት በኛ ሰዓት የሚያልቀው ከቅዳሴ ጋ ገጠመ። ጋሼ ቤተክርስቲያን ስልክ አይከፍትም። ስንወጣ ግቢው ውስጥ አንድ ወጣት ሲጮህ ሰማን፣ ጋሼ ነጠላውን እንዳጣፋ ሮጦ ሄዶ ስልኩን ቀማው ማለት ይቻላል። 12ኛው ቀዳዳ ላይ መሪው ሞሊናሪ ውሃ ውስጥ ከተተ፣ ሌሎቹም ከተቱ፣ ታይገር ግን ግሪኑ መሐል አስቀመጣት፣ በቃ። ቀድሞ ያሸነፋቸውን 14 ሜጀሮች በሙሉ እሁድን እየመራ ወይ እኩል ሆኖ ጀምሮ ነው ያሸነፋቸው፣ 15ኛውን ብቻ ከኋላ ተነስቶ ነው። ልጁን ቻርሊን ያቀፈበት ቦታ 1997 ላይ አባቱ እሱን ያቀፈበት ቦታ ነው። ጋሼ የ1997ቱን ቡዙ ውስጥ ነው ያየው፣ የመጀመሪያው ቀን ዘጠኙን ቀዳዳ በ40 ምት ሲያበላሽ "አለቀለት" ብሎ ነበር፣ ልጁ በመልሱ 30 መታ፣ እሁድ በ12 ምት ልዩነት አሸነፈ፣ 21 ዓመቱ። ያችም ኤፕሪል 13 ነበረች፣ ያኔም ፋሲካ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ቀን 4፣ ሐሙስ

አጭር ቀን ናት ለመጻፍ፣ ረጅም ናት ለመንዳት። ጠዋት ሪቪዬራ የሚባለውን ጎልፍ ሜዳ በውጪ አየነው፣ የግል ክለብ ነው አያስገቡም። ታይገር በ16 ዓመቱ 1992 ላይ ከፕሮፌሽናሎች ጋ የመጀመሪያ ውድድሩን ያረገው እዚህ ነው፣ በኋላ የውድድሩ አስተናጋጅ ሆነ፣ ግን አንድም ቀን እዚህ አሸንፎ አያውቅም። ሰፈሩ ልብ ይሰብራል፣ በጃንዋሪ 2025 ቃጠሎ ያለቁ ቤቶች መሠረታቸው ብቻ ቀርቷል፣ ሜዳው ግን ተርፏል፣ የዛን ዓመት ውድድሩን ወደ ቶሪ ፓይንስ ነበር የወሰዱት። ከዛ በ101 ወደ ሰሜን፣ ጋሼ ሙሉ መንገድ ተኛ፣ ማታ ሳሊናስ አደርን።

ቀን 5፣ ዓርብ

ፔብል ቢች። ከበሩ ከፍለህ ትገባለህ፣ መንገዱ በጥድና በባህር መሐል ይዞራል፣ ጭጋግ ነበር። እዚህ ለመጫወት የሚከፈለው ብር የኔን የቤት ኪራይ ያስታውሳል፣ ለማየት ግን ማንም አይከለክልህም፣ 18ኛው ግሪን ጀርባ ሄደህ መቆም ትችላለህ።

2000 ዩኤስ ኦፕን እዚህ ነበር። ታይገር ከፓር 12 በታች ጨረሰ፣ ከሱ ቀጥሎ የወጡት ኤርኒ ኤልስና ሚጌል አንሄል ሂሜኔዝ ከፓር 3 በላይ። ልዩነቱ 15 ምት ነው፣ ከ150 በላይ ተወዳዳሪ ውስጥ ከፓር በታች የጨረሰ ሌላ ሰው የለም። በአራቱ ቀን 72 ቀዳዳ ውስጥ በአንዱም ግሪን ላይ ኳሷን አንከባሎ ለማስገባት (ፑት ይሉታል) ሦስት ምት አላስፈለገውም። ያኔ እኛ ሀገር ኃይሌ በ10 ሺህ የሚያረገውን ነው የሚመስለው፣ ልዩነቱ ኃይሌን የሚያስጨንቀው ቴርጋት ነበረ፣ ታይገርን የሚያስጨንቅ ግን አልነበረም። ከዛ በተከታታይ ብሪቲሽ ኦፕንን፣ ፒጂኤ ቻምፒዮንሺፕን፣ በቀጣዩ ኤፕሪል ማስተርስን ወሰደ፣ አራቱን ሜጀር አንድ ላይ ይዞ ቤቱ አስቀመጠ።

ጋሼ ግን ሊነግረኝ የፈለገው ሌላ ነው። የካዲውን ታሪክ ነው። ዓርብ ሁለተኛው ዙር ስላላለቀ ቅዳሜ ጠዋት ተመልሰው ነበር የሚጨርሱት። ታይገር ማታ ክፍሉ ምንጣፍ ላይ ፑት ሲለማመድ ከቦርሳው ኳሶች አውጥቶ ሳይመልሳቸው ቀረ። ካዲው ስቲቭ ዊሊያምስ ይሄን ያወቀው ሜዳ ላይ ከገቡ በኋላ ነው። 18ኛው ላይ ሲደርሱ ታይገር የመጀመሪያውን ምት ግራ ጎትቶ ውቅያኖስ ውስጥ ከተታት። ቦርሳው ውስጥ የቀረችው አንዲት ኳስ ናት! ካዲው ያውቃል፣ ተጫዋቹ አያውቅም። ካዲው ብረት ምታ፣ በትንሹ ሂድ ብሎ ለመነው፣ ምክንያቱን ግን አልነገረውም፣ ታይገር ትልቁን ዱላ ስጠኝ አለው። ያችን ብቸኛ ኳስ በትልቁ ዱላ መሐል ሜዳ ላይ አሳረፋት።

ጋሼ ይሄን ሲነግረኝ እጁ እንደ ልጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። "ቢነግረው ኖሮ እጁ ይይዘው ነበር" አለኝ። "ካዲ ማለት ይሄ ነው። የምታውቀውን ፍርሃት ለብቻህ ትሸከማለህ። ቦርሳው አይደለም የሚከብደው።" ከዛ ስለ ራሱ ቀጠለ፣ ሰምቼው የማላውቀውን። ኦልድ ኤርፖርት ሁልጊዜ የሚሸከምለት አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ነበር፣ ዓይኑ እየደከመ ኳሱ የት እንዳረፈ አያይም፣ ጋሼ ነው የሚያይለት፣ ግን ሌሎቹ ፊት እንዳያፍር ኳሷ ጋ ቀድሞ ሄዶ ቁጭ ብሎ ጫማውን የሚያስር ይመስላል፣ ሰውዬው ጋሼ ወዳለበት ይመጣል። አንድ ዓመት እንደዛ ሄዱ። አንድም ቀን አልተነጋገሩበትም።

ሰዓቱ ገፋ፣ ጭጋጉ ተነሳ፣ 18ኛው በሙሉ ታየን፣ ግራው በሙሉ ባህር ነው። ጋሼ ግንቡ ላይ ተቀምጦ ረጅም ሰዓት ያን መነሻ ቦታ ሲያይ ቆየ። ልጁ ደግሞ እንደዛ ይጫወታል ብዬ አልጠብቅም አለኝ፣ ባለፈው ዓመት የተረከዝ ጅማቱ ተበጥሷል፣ ጀርባው እንደገና ተከፍቷል፣ ጃክ ኒክላውስ የሚባለው የድሮ ጎልፈኛ 18 ሜጀር ላይ ነው እሱ 15 ላይ ቀረ፣ ህጻን እያለ ግድግዳው ላይ የለጠፈው የኒክላውስን ስኬቶች ዝርዝር ነበር። "ግን" አለ፣ ከዛ አልጨረሰውም።

ቀን 6፣ ቅዳሜ

በአምስት ቁጥር አውራ ጎዳና ተመለስን፣ ሙቀት ነበር፣ ማለፊያ ያጣ መንገድ። ከተማ ስንገባ 11 ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ ወደ ቤት ልታጠፍ ስል "በፒኮ ሂድ" አለኝ። ራንቾ ፓርክ መለማመጃው ላይ መብራት በርቶ ነበር፣ ቅዳሜ ስለሆነ ሰው ሞልቷል፣ ህጻናት፣ ኮሪያውያን ቤተሰቦች፣ ሥራ ልብሱን ያላወለቀ ሰው። ጋሼ ራሱ ሄዶ ባልዲ ኳስ ከፈለ፣ አንድ ዱላ ተከራየ፣ በቃ ሊመታ ነው ብዬ ልቤ ዘለለ።

ዱላውን በሸሚዙ ጠረገውና ለኔ ሰጠኝ።

"ሰባት ቁጥር ነው" አለ። ኳሷን አንስቶ አስቀመጠልኝ፣ አንድ እርምጃ ወደኋላ ሄዶ ካዲ የሚቆምበት ቦታ ላይ ቆመ፣ ጥላው እንዳይረብሸኝ ወደ ጎን ፈቀቅ አለ። የመጀመሪያውን ሳትኩት። ሁለተኛውን መሬት መታሁ። ጋሼ ምንም አላለም፣ ኳሷን ቦታዋ መለሰ። ሦስተኛው ላይ ጠጋ ብሎ "እግርህን ሰፋ አርግ፣ ግራህ ላይ አትደገፍ፣ አትቸኩል" አለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ።